ራስጌና ግርጌ፦ ቀይ ሰላጣ በጉለሌ

በመስከረም 1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያስደገሱት ግብር ለቀናት የዘለቀ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ስለመዘገቡት የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። አሜሪካዊው ጄምስ ማካንም ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ወጡ፣ ጠጁና ቁርጡ የተትረፈረፈበት ያ ስፍራ ዛሬ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ሥጋውን በጥሬው በጩቤ እየቆረጠ የሚጎርስ መኳንንት ያኔ ቅጠል በጥሬው ቢቀርብለት ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ጥሬ ሥጋ የጌታ ነው፤ ጥሬ ቅጠል የከብት።

ቅጠል የተናቀ ነበር ማለቴ አይደለም። «ጎመን በጤና» የሚል ሕዝብ የጎመንን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ጎመን ድስት ሳይገባ ገበታ አይቀርብም፤ ይቀቀላል፣ ይከተፋል፣ በዘይት ወይም በቅቤ ይታሻል። ደግሞም ሐበሻ ጎመን ለቅጠሉ ብቻ የሚዘራ አይደለም። ዘሩ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፣ እንጀራው ከምጣዱ እንዳይጣበቅ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ሲቆጥራት ጤፉን፣ ኑጉን፣ ጎመኑን አስቦ ነው። ሰላጣ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሰላጣ የሌላ አገር ልጅ ነው።

የትውልድ አገሩ ወዴት እንደሆነ በ2021 እ.ኤ.አ. ኔቸር ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የተሻለ ፍንጭ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ 445 የሰላጣና የዱር ዘመዶቹን ናሙናዎች የዘር መረጃ አነጻጽረው፣ ተክሉ በካውካሰስ አካባቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ገደማ እንደተላመደ ደርሰውበታል። የመጀመሪያው የገበሬ ምርጫም ቅጠሉን የተመለከተ አልነበረም። ዘሩ ሲደርስ በነፋስ የማይረግፍ ተክል ነበር የተፈለገው፤ ዘሩ ዘይት ይሰጣልና። እንግዲህ ሰላጣም እንደ እኛው ጎመን በዘሩ ገብቶ በቅጠሉ የቀረ ነው።

ወደ ግብፅ ሲወርድ ደግሞ ክብሩ ጨመረ። ፈርዖን ቀዳማዊ ሰኑስረት በካርናክ ባሠራው ነጭ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ ሚን ከሚባለው የመራባት አምላክ ጀርባ ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅም ሰላጣዎች ተቀርጸዋል። የተቀረጸው ወደ አራት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው። የሚን ከተማ ኮፕቶስ ከአባይ ወደ ቀይ ባሕር፣ ከዚያም ወደ ፑንት ለሚሄደው ጉዞ መነሻ ነበረች፤ ለእኛ ጎረቤት ማለት ነው። የጓሮ ሰላጣ ግን በዚያ በር አልመጣልንም። የመጣልን ከሮም ዞሮ ነው።

በቀዩ ቅጠል ታሪክ ውስጥ ሮም ልዩ ቦታ አላት። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ ሰፊ መጽሐፍ የጻፈው ኮሉሜላ የሰላጣ ዓይነቶችን ሲዘረዝር፣ አንደኛው ጥቁርና ወይን ጠጅ የመሰለ ቅጠል እንዳለው ይናገራል። ትልቁ ፕሊኒም ይህንኑ ቀይ ዝርያ ያነሣል። ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ታምሞ ሐኪሙ በሰላጣ እንዳዳነው የሚያወራውም ይኸው ፕሊኒ ነው፤ ማመን አለማመን የአንባቢ ፈንታ። ዛሬ በሆቴል ሳህን ላይ «ሎሎ ሮሶ» ተብሎ በዘመናዊነት የሚቀርበው ጫፉ የተጨማደደ የኢጣሊያ ዝርያም ሆነ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሸለመው «ሬድ ሴይልስ» የሁለት ሺህ ዓመት ምርጫ ቀጣዮች ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ የገባው በውጭ ሰው ቅርጫት ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለሩሲያና ለኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች ከከተማዋ ሰሜንና ምሥራቅ ሰፋፊ ቦታ ሰጡ። በየግቢው የአትክልት መደብ ወጣ፤ ፈረንጅ ያለ ቅጠሉ አይበላምና። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ ተከተለ። የእቴጌ ሆቴል ተከፈተ። ከዚያ በጠላት ወረራ አምስት ዓመታት የጣሊያን ወታደርና ሰፋሪ ራሱን ሊመግብ ጓሮውን ቆፈረ፤ ሲወጣም ቆስጣውን፣ ካሮቱን፣ አቼቶውንና ከእነርሱ ጋር ሰላጣውን ትቶልን ሄደ።

የሚገርመው መግባቱ አይደለም፣ መቆየቱ ነው። ከጣሊያን ጋር ከመጡት ስንቱ ነገር ጠፍቷል። ሰላጣን ያቆየችው ጾም ናት ባይ ነኝ። ዓመቱን ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ምእመን ባለበት ከተማ በያይነቱ ላይ ሽሮና ምስሩን የሚያቀዘቅዝ፣ ቃሪያና ሎሚ የሚሸከም አንድ ጥሬ ነገር ቦታ አላጣም። ቤተ ክርስቲያን ያላሰበችውን የፈረንጅ ቅጠል ሁዳዴ ክርስትና አነሣው ማለት ይቻላል። የደርግ ዘመኑ የመንግሥት ድርጅት ኢትፍሩት ደግሞ አትክልትን ከሠራተኛው መንደር ድረስ አድርሶ፣ ሰላጣ የሆቴል ብቻ መሆኑ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሰላጣ ከየት ነበር የሚመጣው? ከግርጌ ነው። ችግሩም እዚያ ነው።

የአዲስ አበባ ወንዞች አብዛኞቹ ከሰሜኑ ተራራ ይነሣሉ። ቀጨኔ፣ ቀበናና ሌሎቹም ከእንጦጦ ወገብ ወርደው ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂም ወደ አዋሽ። ሜዳው፣ ጥቁር አፈሩና ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀው ውሃ ያለው በደቡብ ነው። ስለዚህ የከተማዋ አትክልተኛ በመካኒሳ፣ በፉሪ፣ በሳሪስ፣ በቄራና በፒኮክ ሰፈረ። አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር ጥናቷን በ1994 እ.ኤ.አ. ስታሳትም የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ አትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራን ነበር የመረመረችው። የከተማ እርሻ ለድሃው ቤተሰብ የጎን ሥራ ሳይሆን ኑሮው መሆኑን ያሳየች ጥናት ናት። እኔም በእነዚያ ገበሬዎች ላይ ጣት አልቀስርም። ከላይ ያለው ሕዝብና ፋብሪካ የሚለቅባቸውን ውሃ ተቀብለው ከተማዋን መገቡ፤ ውሃውን ያቆሸሹት እነሱ አይደሉም።

ግን ቅጠሉ ይመሰክራል። ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት ያወጣው ጥናት ከቄራና ከፒኮክ ማሳዎች የተወሰዱ ቅጠላ ቅጠሎችን ለከባድ ብረታ ብረት መርምሮ ነበር። ብረታ ብረቱን በማከማቸት ዝቅተኛው ጥቅል ጎመን ሲሆን ሰላጣና ቆስጣ ይብሳሉ። ይህን በአቼቶና በጨው ውሃ ዘፍዝፎ ማስለቀቅ አይቻልም። ዝፍዘፋ ከላይ ያረፈውን ጀርምና ጭቃ ይቀንስ ይሆናል፤ በሥሩ የሳበውን እርሳስና ካድሚየም ግን አይነካውም። ከተማዋ ውስጥ አተት በተከሰተበት በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጥሬ የሚበላ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ እንደነበር የሚረሳ የለም። ጎመን ይቀቀላል፤ ጀርሙ ይሞታል። ሰላጣ ግን ያደገበትን ውሃ ይዞ ነው አፍ የሚገባው። ስለዚህ የሰላጣ ጥያቄ ከዝርያውና ከቀለሙ በፊት የቦታ ጥያቄ ነው፤ ከወንዙ ራስጌ ወይስ ከግርጌው?

ጉለሌ ራስጌ ነው። የስሙ ባለቤት የሆኑት የጉለሌ ኦሮሞዎች ከብታቸውን ያሰማሩበት ተዳፋት ላይ ምንጭ ሞልቶ ነበር። ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ለቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውሃ ሲያስገባ የጠለፈው ከእንጦጦ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ያለው ቦታ የከተማዋ ጓሮ መሆን ሲገባው የከተማዋ ማገዶ ቤት ሆነ። ጥዱ ተጨፍጭፎ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ ሲያስቡ፣ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ በ1880ዎቹ አጋማሽ አመጣው የሚባለው ባሕር ዛፍ ደረሰ። ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ጉለሌ ግን ባሕር ዛፍ ለበሰ። የሽሮ ሜዳና የቀጨኔ እናቶችም ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ እንጨት ተሸክመው ወረዱ።

ባሕር ዛፍና ሰላጣ ደግሞ አይስማሙም። ለንግግር ማሳመሪያ ያልኩት አይደለም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች አንድ ዛፍ ሌላውን በኬሚካል ይጎዳ እንደሆነ መፈተን ሲፈልጉ በብዛት የሚጠቀሙት የሰላጣ ዘርን ነው፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎም ይታመማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ የሰላጣን ዘር ቡቃያ እንደሚቀጭ ብዙ ጥናት አረጋግጧል። በብርሃንም በኩል ጠብ አላቸው። በ1952 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል ቦርትዊክና ሄንድሪክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰላጣ ዘርን በቀይ ብርሃን ሲያበሩበት እንደሚበቅል፣ ወዲያው ከቀይ በታች ባለው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ሲመቱት ደግሞ ሐሳቡን እንደሚቀይር አሳዩ። ስንት ጊዜም ቢፈራረቅ የመጨረሻው ብርሃን ነው የሚወስነው። የዛፍ ጥላ ቀዩን ብርሃን መጥጦ ጥልቅ ቀዩን ስለሚያሳልፍ፣ ዘሩ ከዛፍ ሥር መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ጉለሌ ላይ ሰላጣ የሚዘራ ሰው ከዚህ ሁለት ነገር ይማር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል መደቡ ላይ እንዳይጎዘጉዝ፣ ዘሩንም አፈር እንዳያለብሰው። ጥቂት የተነፋ ኮምፖስት ብን አድርጎበት በመዳፍ ጫን ማለት ይበቃዋል።

ቀዩ ቅጠል ለጉለሌ የሚሆንበት ምክንያት ከፍታው ነው። አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም ቅጠሉ ራሱን ከኃይለኛ ብርሃን የሚከላከልበት ነው። ፀሐይ ሲበረታና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይጠቁራል፤ ሙቀትና ጥላ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ጉለሌ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ቀኑ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱ ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነው። በቆላማ አገር ገበሬው ቀለሙን ለማውጣት የሚደክመውን ያህል እዚህ ሰማዩ በነፃ ይሠራዋል። በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚያድገው ሰላጣ እኮ ፕላስቲኩ ጨረሩን የሚያጣራ ከሆነ ገርጥቶ ነው የሚወጣው። ሌላም ጥቅም አለ። ሰላጣ ቀን ሲረዝምና ሙቀት ሲበረታበት ወዲያው ግንድ አውጥቶ ያብባል፤ ቅጠሉም ይመራል። አዲስ አበባ ላይ ቀን ከሌሊት ብዙም ስለማይበላለጥ አበባው ይዘገያል።

አፈሩ ግን ቀይ ሸክላ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ በደንብ የበሰበሰ ፍግ መቀላቀል ያስፈልገዋል። «በደንብ የበሰበሰ» ያልኩት ለተክሉ ብዬ ብቻ አይደለም፤ በጥሬው ለሚበላ ቅጠል ትኩስ ፍግ ማለት በሽታ መዝራት ነው። መሬት የሌለው ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ በአፈር ሞልቶ፣ የተቆረጠ ጄሪካን ወይም ያረጀ ጎማ አሰናድቶ ይዘራል። ሥሩ ብዙ አይወርድም፣ አንድ ስንዝር አፈር ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከቆርቆሮ ጣራ ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከማናቸውም የወንዝ ውሃ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚያወርድ ወደ ውጭ ይለቀቅ እንጂ።

ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት፣ ፀሐይ ስትበርድ ይዛወራል፤ በችግኝና በችግኝ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ጊዜው ከመስከረም ወዲያ ነው። ክረምት ላይ በረዶው ቅጠሉን ይበሳል፣ ቀንድ አውጣ ሌሊቱን ይግጠዋል፣ ከቅጠሉ በታች ነጭ ሻጋታ ይሠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ አለ። ከላይኛው ጉለሌ የሚኖር ሰው ማታ ጆንያ ጣል አድርጎበት ጠዋት መግፈፍ አይሰነፍ። ራስ የማይጠቀልል ዝርያ ስለሆነ ተነቅሎ አይሸጥም፤ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የውጭ የውጭው ቅጠል ይቀነጠባል፣ እምብርቱ ይተዋል፣ በሳምንት እንደገና ይደርሳል። አንዲት እናት ሃያ ሥር ብትተክል ለቤቷ ይተርፋታል።

ከማጀት ጠባዩ ደስ የሚለኝ ሎሚ ላይ የሚያሳየው ነው። ቀለሙ ኮምጣጤ ነገር ሲያገኝ ይበልጥ ይቀላል፤ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲልበት ቡናማ መስሎ የነበረው ደም ይመስላል። ግን አሲዱ ቅጠሉን ያጠወልገዋልና ሊበላ ሲል እንጂ ቀድሞ አይታሽም። ቢላዋም ባይነካው ይመረጣል፣ በእጅ መቅደድ ነው። ማብሰልማ ከንቱ ድካም ነው። ቀለሙ በውሃ ይሟሟል፤ ቀይ ብሎ ድስት የገባው ጭቃ መስሎ ይወጣል። ከአረንጓዴው ትንሽ መረር ይላል፤ ጌሾ በለመደ ምላስ ይህ ነውር አይደለም። በያይነቱ ላይ ከቀይ ስር ይልቅ የምመርጠውም ቀለሙን ለራሱ ስለሚይዝ ነው፤ ቀይ ስር ጎረቤቱን ሁሉ አቅልሞ ነው የሚያርፈው።

ገበያው ግን ገና አልለመደውም። አዲሱ ገበያ አንዲት ወጣት ከጉልት ፊት ቆማ «እማማ፣ ይሄ ውርጭ መቶት ነው?» ስትል ሰምቻለሁ። «ኧረ ዘሩ ነው የኔ ልጅ፣ ቀይ ነው ሲፈጥረው» አሏት እናቲቱ። ልጅቱ አረንጓዴውን ገዝታ ሄደች። ሆቴሎቹ ይፈልጉታል፣ ቤት ግን ያጠራጥራል። አትክልት ተራ ከፒያሳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለሰሜኑ ሰው ጅምላው ራቀ። በጠዋት ተቀንጥቦ ከሰዓት ለሚጠወልግ ቅጠል ይህ ርቀት ለጓሮ አምራቹ የሚጠቅም ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይሸጣል።

ከላይ ያለውም ሁኔታ እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ እየተካ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ሥራ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ታቅዶለታል። የሌማት ትሩፋት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጓሮ ቁፋሮን የመንግሥት ዘመቻ አድርጎታል። ዘመቻ ሲበዛ እሠጋለሁ፤ ለፎቶ የተተከለ ችግኝ በዘመቻው ማግስት ይደርቃልና። ደግሞ ጉለሌ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ቀጨኔ ወንዝ ገና ክፍለ ከተማውን ሳይወጣ ነው የሚቆሽሸው። ራስጌነት የሚጠቅመው ከሰፈሩ በላይ ያለውን ምንጭና ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ለተጠቀመ ነው።

ዘር ነገር ቀርቷል። ፖስታው ከውጭ ይመጣል፣ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሰላጣ ግን ራሱን በራሱ የሚያዳቅል አበባ ስላለው ከጎኑ አረንጓዴ ቢኖርም ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሆኖ ይወልዳል። አንዱ ሥር ሺህና ከዚያ በላይ ዘር ይሰጣል። ችግሩ ዝናብ ነው፤ ዘሩ ሲደርስ ከዘነበበት እዚያው ይሻግታል። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ ከመጠለያ ሥር የተፈላ ችግኝ በጥር በጋ ዘሩን እንዲያደርስ ማድረግ ነው። ቢጫው አበባ ከተከፈተ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነጭ ጭገር ብቅ ሲል ጭንቅላቱን በወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፎ፣ አንፍሶ፣ በደረቅ ቦታ ማኖር ነው፤ ለሦስት ዓመት ያህል ይቆያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምርጫው ላይ ነው። ቀድሞ ያበበውን «ደረሰልኝ» ብሎ ለዘር ይይዛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጓሮው ሁሉ ቶሎ ግንድ የሚያወጣ ይሆንበታል። ለዘር የሚተወው ከሁሉ ዘግይቶ ያበበውና ከሁሉ ጠቁሮ የቀላው ሥር ነው።